በስርጭቱ የማይታየው ኦስካር

በኖቬምበር 1931 ሎስ አንጀለስ፣ ቢልትሞር ሆቴል ውስጥ አራተኛው የኦስካር ሽልማት ሲሰጥ ከተዋናዮቹና ከዳይሬክተሮቹ ጎን ለመጀመሪያ ጊዜ መሐንዲሶችም ተጠሩ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።) ከፍተኛውን ደረጃ ካገኙት ሥራዎች አንዱ ዱፖንትና ኢስትማን ኮዳክ የሠሩት፣ በትንሽ ብርሃን የሚቀርጽ ጥሬ ፊልም ነው። ሌላው ዝምታ ነው። ኤሌክትሪካል ሪሰርች ፕሮዳክትስ፣ አርሲኤ ፎቶፎንና አርኬኦ ሬዲዮ ፒክቸርስ የተሸለሙት ተዋናዩ ዝም ሲል ፊልሙም አብሮት ዝም እንዲል ስላደረጉ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዘመን ድምፅ የሚቀመጠው በፊልሙ ጠርዝ ላይ፣ ከምስሉ ጎን በምትሄድ ቀጭን መስመር ነበር። ማሳያ ማሽኑ ውስጥ መብራት በመስመሯ አልፎ ፎቶሴል (ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ዕቃ) ላይ ያርፋል፤ የሚያልፈው ብርሃን ሲለዋወጥ ድምፅ ማጉያው ይናገራል። ንግግር በሌለበት ቦታ መስመሯ ብርሃን የምታሳልፍ ከሆነ ግን ያረፈባት አቧራ፣ ጭረትና የፊልሙ ቅንጣት ራሱ ብርሃኑን እየቆራረጠ «ሽሽሽ» ይላል። መፍትሔው ንግግሩ ሲቀንስ ብርሃን የሚያልፍበትን ክፍተት ማጥበብ፣ ንግግሩ ሲመጣ መልሶ መክፈት ነው። ጣጣው ያለው ፍጥነቱ ላይ ነው። ዘግይቶ ከተከፈተ የቃሉ የመጀመሪያ ፊደል ይበላል፤ በጣም ፈጥኖ ከተከፈተ ደግሞ መከፈቱ ራሱ እንደ ጉምታ ይሰማል። ዛሬ በኤዲቲንግ ሶፍትዌር ውስጥ ኖይዝ ጌት የምትሉት የዚሁ የልጅ ልጅ ነው፤ ችግሩንም ወርሷል። ጌቱ ቀስ ብሎ እንዲከፈት ከተዋችሁት ተዋናዩ «ሰላም» ሲል ተመልካቹ «ላም» ይሰማል።

የቴክኒክ ኦስካር የሽልማት ጽሑፎች «ለእንዲህ ያለው መሣሪያ ንድፍና ዕድገት» ብለው ያበቃሉ፤ መሣሪያው ከመምጣቱ በፊት ምን እየተበላሸ እንደነበር አይናገሩም። እኔ ግን ሽልማቱ የሚገባን ከብልሽቱ ስንነሳ ነው ባይ ነኝ። ስለዚህ ከብዙዎቹ ተሸላሚዎች ጥቂቶቹን መርጬ ብልሽታቸውን እዘረዝራለሁ። አብዛኛው ዛሬም በስልክ ሆነ በትልቅ ካሜራ የሚቀርጽ ሰው የሚገጥመው ነው።

አስቀድሞ ስለ ሽልማቱ አሠራር ትንሽ። ደረጃዎቹ ሦስት ናቸው። ድሮ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍል ይባሉ ነበር፤ ስማቸው የተቀየረው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ላይኛው፣ አካዳሚ አዋርድ ኦፍ ሜሪት፣ ያንኑ የምናውቀውን ሐውልት ያስገኛል። መካከለኛው ሳይንቲፊክ ኤንድ ኢንጂነሪንግ አዋርድ ሰሌዳ፣ ታችኛው ቴክኒካል አቺቭመንት አዋርድ ደግሞ የምስክር ወረቀት ነው። ለዕድሜ ልክ አስተዋፅኦ የሚሰጠው የጎርደን ሶየር ሽልማት ለብቻው ይቆማል። ሥነ ሥርዓቱ የሚካሄደው ከዋናው ምሽት ተለይቶ፣ በሌላ ቀን ነው።

ከትልቁ ኦስካር በሁለት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ መሣሪያው ዘንድሮ የተወለደ መሆን የለበትም፤ የሚጠየቀው በፊልም ሥራ ላይ ጥቅሙ መፈተኑ ነው። ፎቶሾፕ ለገበያ የወጣው በ1990 ሲሆን ወንድማማቾቹ ቶማስና ጆን ኖል ሰሌዳቸውን የተቀበሉት በ2019 ነው። ሁለተኛ፣ ኮሚቴው የሚመረምራቸውን የሙያ ዘርፎች አስቀድሞ በይፋ ያስታውቃል፤ «በዚህ ዘርፍ ተመሳሳይ ሥራ ያለው ይምጣ» ይላል። ይህ ብልህ አሠራር ነው። የፈጠራ ጠብ ከሽልማቱ በኋላ ከሚነሳ በፊት ቢነሳ ይሻላል፤ ያው መሣሪያ ሦስት ቦታ በአንድ ጊዜ ተሠርቶ መገኘቱም በዚህ ሙያ ብርቅ አይደለም።

ቀዳዳ የሌለው ቴፕ

35 ሚሊሜትር ፊልም በግራና በቀኝ ባሉት ቀዳዳዎች ጥርስ እየያዘው ስለሚሄድ ከምስሉ ጋር ያለው ሒሳብ አይዛነፍም፤ አንድ ፍሬም አንድ ፍሬም ነው። ሩብ ኢንች የድምፅ ቴፕ ግን ቀዳዳ የለውም። የሚጎተተው በላስቲክ ጎማ ከሚሽከረከር ዘንግ ጋር ተጣብቆ ነው፤ ይለጠጣል፣ ይንሸራተታል፣ ሙቀትና እርጥበት ይለዋውጡታል። ፍጥነቱ ከሺህ አንድ እጅ ብቻ ቢዛነፍ ምን እንደሚሆን አስሉት። 1000 ጫማ ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም 11 ደቂቃ ያህል ይሄዳል። የሺህ አንድ ስህተት በ11 ደቂቃ ውስጥ ከ0.6 ሰከንድ በላይ ይሆናል፤ ወደ 16 ፍሬም ማለት ነው። ተመልካች ደግሞ ከሁለት ሦስት ፍሬም ጀምሮ ከንፈርና ድምፅ እንዳልገጠሙ ይሰማዋል፤ ምን እንደሆነ ባያውቀውም ትዕይንቱን ይጠላዋል።

ስቴፋን ኩዴልስኪ ዋርሶ ተወልዶ ስዊዘርላንድ፣ ሎዛን የተማረ መሐንዲስ ነው። የመጀመሪያውን መቅጃውን በ1951 አወጣ፤ ስሙን ናግራ አለው፣ በፖላንድኛ «ይቀዳል» እንደማለት። ሲኒማውን የለወጠው ግን በ1950ዎቹ መጨረሻ የወጣው ትራንዚስተር ያለው ናግራ 3 ነው። በ12 ትልልቅ የባትሪ ድንጋዮች ይሠራል፤ አንድ ሰው በትከሻው አንጠልጥሎት ይሄዳል። ከዚያ በፊት ጥራት ያለው የፊልም ድምፅ ከስቱዲዮ ውጭ ለመቅዳት መኪና ሙሉ ዕቃ ይጫን ነበር።

ቀዳዳው የተተካው በምልክት ነው። ካሜራው ላይ ትንሽ ጄነሬተር ይገጠማል፤ ካሜራው በትክክለኛ ፍጥነቱ ሲዞር በአሜሪካ 60፣ በአውሮፓ 50 ኸርዝ የሆነ ሞገድ ይወጣዋል። ሞገዱ በሽቦ ወደ ናግራው ይሄድና ከንግግሩ ጋር በዚያው ቴፕ ላይ ይቀዳል። «ታዲያ 50 ኸርዝ ሁምታ ንግግሩ ውስጥ አይገባም ወይ?» የሚል ካለ ጥያቄው ትክክል ነው፤ የኩዴልስኪ ብልሃትም እዚህ ላይ ነው። ምልክቱ የሚቀዳው በቴፑ መሐል ላይ ጎን ለጎን በሚሄዱ ሁለት ቀጫጭን መስመሮች ሲሆን አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል። የቴፑን ስፋት በሙሉ የሚያነበው የድምፅ ራስ ሁለቱን ሲደምራቸው ተጣፍተው ዜሮ ይሆናሉ። ለምልክቱ ብቻ የተሠራው ራስ ግን አንዱን ከሌላው ቀንሶ ያነባቸዋል። በኋላ ድምፁ ቀዳዳ ወዳለው መግነጢሳዊ ፊልም ሲገለበጥ ማሽኑ ይህን ምልክት ከማጣቀሻ ድግግሞሽ ጋር እያስተያየ የቴፑን ፍጥነት ያርማል። ቴፑ በቀረጻ ጊዜ ቢለጠጥ ምልክቱም አብሮ ተለጥጧል፤ ስህተቱን የሚናገረው ራሱ ነው። ቆየት ብሎ በካሜራውም በመቅጃውም ውስጥ የኳርትዝ ክሪስታል ሲገባ ሽቦው ቀረ።

ብዙ ሰው የሚስተው ግን ይህ ምልክት የሚያስተካክለው ፍጥነትን እንጂ መነሻን አለመሆኑን ነው። መነሻውን የሚናገረው ክላፐሩ ነው፤ ሁለቱ እንጨቶች የተጋጩበት ፍሬምና «ጧ» ያለበት ቅጽበት ይገጣጠማሉ። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ይህ ልዩነት ከገባችሁ የዛሬውን የሲንክ (ድምፅና ምስል የመግጠም) ችግር ሁሉ መለየት ትችላላችሁ። በትዕይንቱ መጀመሪያም መጨረሻም አጨብጭቡ። መጀመሪያ ላይ ያለውን አጣጥማችሁ መጨረሻው 14 ፍሬም ከተዛነፈ፣ መሐሉም 7 ፍሬም ከሆነ፣ ችግሩ ፍጥነት ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል 5 ፍሬም ከሆነ መነሻ ነው፤ ድምፁን ጎትታችሁ ታስተካክሉታላችሁ። እስከ አንድ ቦታ ድረስ ገጥሞ በድንገት ከዘለለ ካሜራው ወይም መቅጃው ፍሬም ወይም ናሙና ጥሏል፤ ብዙ ጊዜ ሜሞሪ ካርዱ ስለዘገየ ነው።

የፍጥነት ችግር ዛሬ በብዛት የሚመጣው ከሁለት ቦታ ነው። አንዱ 23.976ን እንደ 24 ከመቁጠር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ልክ ከሺህ አንድ ነው፤ ያቺው የቴፕ ስህተት ቁጥር ለብሳ ተመለሰች። ካሜራው በ23.976 ቀርጾ ኤዲተሩ ፋይሉን «24 ነህ» ካለው በ10 ደቂቃ 14 ፍሬም ይጠፋል። መድኃኒቱ ፕሮጀክቱን ከመክፈት በፊት የፋይሉን ትክክለኛ ፍሬም ሬት ማየትና እንደዚያው መሥራት ነው፤ ድምፁ 48 ኪሎኸርዝ ሆኖ በእውነተኛ ሰዓት ከተቀዳ አይነካም። 50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ ባለባቸው አገሮች፣ እንደኛ ማለት ነው፣ 25 ፍሬምና 1/50 ሸተር መምረጥ ይህንንም የመብራት መርገብገብንም ያስቀራል። ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ ካሜራ ግን ብዙውን ጊዜ 23.976 ወይም 29.97 ላይ ተስተካክሎ ነው የሚደርሰው።

ሁለተኛው የስልክ ቪዲዮ ነው። ብዙ ስልኮች ብርሃን ሲያንስ ወይም ሲሞቁ ፍሬም ሬታቸውን ይለዋውጣሉ። እንዲህ ያለ ፋይል ቀጥታ ኤዲቲንግ ውስጥ ሲገባ አንዴ ይቀድማል አንዴ ይዘገያል፤ በመጎተት አይስተካከልም። አስቀድሞ ወደ ቋሚ ፍሬም ሬት መገልበጥ ግድ ነው።

ኩዴልስኪ ለ1965 ከሐውልቱ ዝቅ ያለ ደረጃ ሽልማት አገኘ። ሐውልቱ የመጣው ለ1978 ሲሆን የጎርደን ሶየር ሽልማት ደግሞ ለ1990 ተጨመረ። አካዳሚው አንድን ዕቃ ዋጋውን ለመገንዘብ ምን ያህል እንደሚዘገይ፣ ግን ዘግይቶም እንደማይረሳ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም።

ሰማያዊው ከአረንጓዴው ሲቀነስ

መሐንዲሱ ፔትሮ ቭላሆስ ተዋናይን ከመጋረጃ ለመለየት የሠራው ሒሳብ ዛሬ በስልክ አፕ ሳይቀር ይኖራል። ችግሩን ለማየት አንድ የፀጉር ዘለላ ይበቃል። ተዋናይን ከሰማያዊ መጋረጃ ፊት አቁመን ሰማያዊውን በሌላ ትዕይንት መተካት ፈለግን እንበል። ፊቱ ቀላል ነው፤ ሙሉ በሙሉ ፊት ነው። መጋረጃውም ሙሉ በሙሉ መጋረጃ ነው። የፀጉሩ ጫፍ፣ ጭስ፣ ብርጭቆ፣ በፍጥነት ሲወዛወዝ የደበዘዘ እጅ ግን ግማሹ ሰው፣ ግማሹ መጋረጃ ነው። «ይህ ሰማያዊ ነው? ጣለው። አይደለም? አስቀረው» የሚል አሠራር እዚህ ላይ ይወድቃል፤ ፀጉሩ በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል፣ ወይም በዙሪያው ሰማያዊ ቅርፊት ይቀራል።

አንዱ መንገድ ሶዲየም ነበር። መጋረጃው በሶዲየም መብራት ይበራል፤ ይህ መብራት 589 ናኖሜትር አካባቢ ያለች አንዲት ጠባብ ቢጫ ብቻ ነው የሚሰጠው። ተዋናዩ የሚበራው ያቺ ቢጫ በሌለችበት ብርሃን ነው። ካሜራው ውስጥ ያለ ፕሪዝም ብርሃኑን ለሁለት ከፍሎ በአንዱ ፊልም ላይ ባለ ቀለም ምስል፣ በሌላው ላይ ያቺን ቢጫ ብቻ ያስቀርጻል። ሁለተኛው ፊልም የተዋናዩ ጥቁር ጥላ፣ ማለትም ዝግጁ ማስክ (የቱ ቦታ እንደሚቀር፣ የቱ እንደሚተካ የሚለይ ምስል) ነው። ቀጭን መረብ ሳይቀር በንጽህና ይወጣል። ለዚህና መሰል የቀለም ማስክ ዘዴዎች ቭላሆስ፣ ዋድስዎርዝ ፖልና አብ አይወርክስ ለ1964 የአንደኛ ክፍል ሽልማት ተቀበሉ። ድክመቱ ግልጽ ነው፦ ልዩ ፕሪዝም፣ ሁለት ፊልም በአንድ ጊዜ የሚያስኬድ ግዙፍ ካሜራ፣ ልዩ መብራት።

ሌላው የቭላሆስ ሐሳብ ልዩ ካሜራ አይፈልግም፤ ለ1959ኙ «ቤን ኸር» የተዘጋጀው እሱ ነው። መነሻው አንድ ምልከታ ነው፦ በሰው ፊት፣ በፀጉር፣ በእንጨት፣ በአብዛኛው ልብስ ውስጥ ሰማያዊው ከአረንጓዴው አይበልጥም። መጋረጃው ላይ ብቻ በብዙ ይበልጣል። ስለዚህ «ሰማያዊ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ቀርቶ «ሰማያዊው ከሌላው በስንት ይበልጣል?» ይባል። መልሱ አዎ ወይም አይደለም ሳይሆን ቁጥር ነው፤ ቁጥሩም ከኋላ ያለው ትዕይንት በዚያ ነጥብ ላይ በምን ያህል እንደሚታይ ይናገራል።

ዛሬ በብዛት በምንጠቀመው አረንጓዴ እንሞክረው፤ ቀለሞቹ ከ0 እስከ 1 ይለኩ። መጋረጃው ቀይ 0.15፣ አረንጓዴ 0.60፣ ሰማያዊ 0.20 ነው እንበል። አረንጓዴው ከሁለቱ ትልቁን በ0.40 ይበልጣል፤ ይህ «ሙሉ መጋረጃ» ማለት ነው። ጉንጭ ላይ ቀይ 0.70፣ አረንጓዴ 0.50፣ ሰማያዊ 0.40 ብናገኝ አረንጓዴው አይበልጥም፤ ዜሮ ነው፣ ከኋላ ምንም አይታይም። አሁን ግማሹ ጥቁር ፀጉር፣ ግማሹ መጋረጃ የሆነ ነጥብ እንውሰድ፦ ቀይ 0.125፣ አረንጓዴ 0.34፣ ሰማያዊ 0.13። ልዩነቱ 0.21 ነው፤ ለ0.40 ሲካፈል 0.52 ገደማ። ከኋላ ያለው ትዕይንት 52 በመቶ ይታያል። ግማሽ ብለን ጀመርን፣ ግማሽ አገኘን። ቀጥሎ የመጋረጃው ቀለም በዚያው መጠን ከነጥቡ ላይ ይቀነሳል፣ የኋላው ትዕይንት በዚያው መጠን ይጨመራል። በመጨረሻ ፊትና ልብስ ላይ የተንጸባረቀውን አረንጓዴ ለማስወገድ አረንጓዴው ከቀይና ከሰማያዊው ትልቁን እንዳያልፍ ይገደባል። በቃ። የዘመኑ ኪየሮች (መጋረጃውን የሚያወጡ ፕሮግራሞች) ብዙ ቁልፍ ቢኖራቸውም ሥራቸው ይኸው ነው።

ቭላሆስ ይህን በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራ አልቲማት የተባለ መሣሪያ አደረገው፤ ከልጁ ከፖል ጋር በ1995 ሌላ ሐውልት አስገኘላቸው።

የሒሳቡ ድክመት ከሒሳቡ ይነበባል። መጋረጃው አንድ ቦታ 0.40 ሌላ ቦታ 0.25 ልዩነት ካለው አንድ ቁጥር ለሁለቱም አይሠራም። ስለዚህ መጋረጃው ከተዋናዩ ተለይቶ፣ በራሱ መብራት፣ ከግማሽ ስቶፕ (አንድ ስቶፕ የብርሃን እጥፍ ነው) ባልበለጠ ልዩነት ወጥ ሆኖ ይብራ። ከዕጥፉ የወጣ ጨርቅ ሽብሽቡ ጥላ ይሠራል፤ በመቆንጠጫ ወጥሩት ወይም በእንፋሎት አቅኑት። ተዋናዩን ከመጋረጃው ቢያንስ 2 ሜትር አርቁት፤ 3 ከሆነ የተሻለ ነው። ቅርብ ከሆነ ጥላው መጋረጃው ላይ፣ የመጋረጃው አረንጓዴ ደግሞ ትከሻው ላይ ይወድቃል። መጋረጃውን ከሚገባው በላይ ማብራትም የተለመደ ስህተት ነው፤ ቀለሙ ወደ ነጭ ስለሚሄድ ልዩነቱ ይጠባል፣ ነጸብራቁ ግን ይጨምራል። ከዋናው መብራት እኩል ወይም ግማሽ ስቶፕ ዝቅ ያለ ይበቃል።

ካሜራው ላይ ሹልነት መጨመሪያውን አጥፉ፤ በጠርዝ ላይ ሰው ሠራሽ መስመር እየሠራ ሒሳቡን ያታልላል። 4:2:0 የሚቀርጽ ካሜራ የቀለም መረጃውን በአግድምም በቁመትም በግማሽ ይቀንሳል፤ ለዓይን አይታወቅም፣ ኪየሩ ግን የሚሠራው በቀለም ስለሆነ ጠርዙ ደረጃ ደረጃ ይሆናል። 4:2:2 እና 10 ቢት ካለ ምረጡ።

ለሀበሻ ልብስ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ነጭ ቀሚስ የመጋረጃውን አረንጓዴ እንደ መስተዋት ይቀበላል፤ ርቀቱን ወደ 4 ሜትር አሳድጉት። ነጠላ ስስ ስለሆነ ከኋላው ያለው መጋረጃ በውስጡ ያልፋል። በልዩነት የሚሠራ ኪየር ይህን በትክክል ያወጣዋል፤ አዲሱ ትዕይንት በነጠላው ውስጥ ፈዘዝ ብሎ ይታያል። ማስኩን ለማጽዳት ብላችሁ ጥቁሩንና ነጩን ከመጠን በላይ ካከረራችሁት ግን ነጠላው ወይ ይቀዳደዳል ወይ እንደ አቡጀዲ ይደድራል። ጥበቡ አረንጓዴ ከሆነ፣ ወይም ባንዲራ ካለ፣ ክርክር የለውም፤ መጋረጃው ሰማያዊ ይሁን። ሰማያዊ ሲሆን ብዙ ብርሃን ይጠይቃል፤ በአብዛኛው የካሜራ ሴንሰር ላይ ለእያንዳንዱ ሰማያዊ ነጥብ ሁለት አረንጓዴ ስላለ ሰማያዊው ቅንጣት ይበዛበታል።

ሞላ ያለው ክንድ

ባለካሜራው ለብሶት የሚራመደውን የካሜራ ማረጋጊያ፣ ስቴዲካምን፣ ሁሉም ያውቀዋል፤ ለምን እንደሚሠራ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። የፊላደልፊያው ጋሬት ብራውን ሐሳቡን ለማስተዋወቅ ከቀረጻቸው ምስሎች አንዱ በዚያው ከተማ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ደረጃ ላይ የሚሮጥ ሰው ነበር፤ ደረጃው በኋላ «ሮኪ» ላይ ታዋቂ የሆነው ነው። በ1978 በተካሄደው ሥነ ሥርዓት ብራውንና የሲኒማ ፕሮዳክትስ መሐንዲሶች የአንደኛ ክፍል ሽልማት ወሰዱ።

መሣሪያው ሁለት የተለያዩ ችግሮችን በሁለት የተለያዩ አካላት ነው የሚፈታው። የመጀመሪያው መወዛወዝ ነው። ካሜራው ከዘንጉ ላይ፣ ባትሪውና ሞኒተሩ ከታች ተደርገው ክብደቱ ይራራቃል። እኩል ክብደት ያላቸውን ድንጋይና ረጅም ዱላ መሐላቸውን ይዛችሁ ለማዞር ብትሞክሩ ዱላው እምቢ ይላል፤ ክብደቱ ከእጃችሁ ስለራቀ ነው። ሁለተኛው ወደ ላይና ወደ ታች መዝለል ነው፤ እሱን የሚውጠው ከደረት ልብሱ ጋር የተያያዘው ሞላ ያለው ክንድ ነው።

ዛሬ በየሰርጉ የምናየው ባለ ሦስት ሞተር ጊምባል (በእጅ የሚያዝ የካሜራ ማረጋጊያ) የመጀመሪያውን ብቻ ነው የሚፈታው። አድማሱ አይዘምም፣ ካሜራው አይወዛወዝም፤ ግን ባለካሜራው ሲራመድ ምስሉ እንደ ጀልባ ከፍ ዝቅ ይላል። ሰው ጊምባሉን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ የክንዱ አለመኖር ነው። ክንድ ከሌለ ጉልበታችሁን አጥፋችሁ፣ ተረከዝ አስቀድማችሁ፣ ክርናችሁን ከጎናችሁ አላቅቃችሁ ተራመዱ፤ ሞላው እናንተ ናችሁ።

ስቴዲካም ወይም በክብደት ብቻ የሚሠራ ማረጋጊያ ላላችሁ፣ ሚዛኑ እንዲህ ይያዛል። መጀመሪያ ለቀረጻ የሚያስፈልገው ሁሉ ይገጠም፤ ሌንስ፣ ካርድ፣ ባትሪ፣ የሌንስ ክዳኑም ይነሳ። በኋላ የሚጨመር ማንኛውም ነገር ሥራውን ከሀ ያስጀምራል። መያዣው ከክብደቱ ማዕከል ጥቂት ሚሊሜትሮች ከፍ ብሎ ይሁን። ለማረጋገጥ ዘንጉን አግድም ይዛችሁ ልቀቁትና ቀጥ እስኪል ቁጠሩ። ከ2 እስከ 3 ሰከንድ ጥሩ ነው። በ1 ሰከንድ ከወደቀ ከታች ከብዷል፤ ስትነሱና ስትቆሙ እንደ ሰዓት ፔንዱለም ይወዛወዛል። 5 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከፈጀ ወደ ላይ አድልቷል፤ አድማሱን ለመጠበቅ ስትታገሉ ትውላላችሁ። ቀጥሎ ወደፊትና ወደኋላ፣ ወደ ግራና ቀኝ ቀጥ እስኪል አስተካክሉ።

ብዙዎች እዚህ ያቆማሉ። ቆሞ ቀጥ ያለ ዘንግ ግን ሲዞር ሊንገዳገድ ይችላል። በዝግታ አሽከርክሩት፤ አናቱ ክብ ከሠራ ካሜራው፣ ሞኒተሩና ባትሪው ከዘንጉ ያላቸው ርቀት አልተመጣጠነም። ባትሪውን በትንሹ አንቀሳቅሳችሁ፣ ካሜራውን በተቃራኒው አካካሳችሁ ደግማችሁ አሽከርክሩ። በመጨረሻ የክንዱን ሞላ ሸክሙን ይዞ ከመሬት ጋር አግድም እስኪቆም አጥብቁ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ምስሉ አሁንም ከተንቀጠቀጠ ሁለት ነገር ፈትሹ፦ መያዣው ላይ ተወጥሮ የሚያልፍ ሽቦ እንዳይኖር፣ እና የጣቶቻችሁ አያያዝ። ዘንጉን እንደ ጦር የሚጨብጥ ሰው የእጁን መንቀጥቀጥ ለካሜራው እያካፈለ ነው።

ስለ ኮምፒውተሩ ዘመን አንድ ብቻ ልጥቀስ። ኬን ፐርሊን በ1985 ያሳተመው ኖይዝ የተባለው የሒሳብ ዘዴ ለእብነ በረድ፣ ለደመና፣ ለእሳት፣ ለተራራ ያገለግላል። ቦታው በእኩል ፍርግርግ ይከፈላል፤ በየማዕዘኑ በዘፈቀደ አንድ አቅጣጫ ይቀመጣል፤ በመካከል ያለው ዋጋ ከአቅጣጫዎቹ ይሰላና በለስላሳ ሽግግር ይዋሃዳል። ከዚያ ያው ስሌት ድግግሞሹ በእጥፍ እያደገ፣ ጉልበቱ በግማሽ እያነሰ ይደራረባል፤ አራት አምስት ንብርብር ሲሆን ደመና ይመስላል። የመጀመሪያው የሽግግር ቀመር ግን ጉድለት ነበረው። ኩርባነቱ በፍርግርጉ መስመር ላይ በድንገት ስለሚቀየር፣ ወለልን ለማጎርበጥ ሲውል ብርሃን ሲያርፍበት ቀጥ ያሉ ስንጥቆች ይታዩ ነበር። ፐርሊን በ2002 ቀመሩን ከሦስተኛ ወደ አምስተኛ ደረጃ አሳድጎ አረመው። አካዳሚው በ1997 የሰጠው የምስክር ወረቀት ነው፤ ታችኛውን ደረጃ። በእኔ ግምት ሐውልት ይገባው ነበር።

ሐውልቱ በ2014 ስም ለሌላቸው ሰዎች ተሰጠ፦ የፊልም ላቦራቶሪዎችን ለገነቡና ላንቀሳቀሱ ሁሉ። በዚያን ጊዜ ላቦራቶሪዎቹ በየአገሩ እየተዘጉ ነበር። የሠሩትን ለመገመት የኮዳክን የቀለም ኔጌቲቭ አጠባ ማየት ይበቃል። አልሚው ኬሚካል 41.1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆን አለበት፤ የሚፈቀደው መዛነፍ ከዲግሪው አንድ አሥረኛ ነው፣ ጊዜው 3 ደቂቃ። ሙቀቱ ቢዛነፍ ሦስቱ የቀለም ንብርብሮች እኩል አይለሙም፤ ጥላው ወደ አንድ ቀለም፣ ብርሃኑ ወደ ሌላ ያዘነብላል፣ አንዱን ሲያርሙት ሌላው ይበላሻል። በጨለማ ክፍል፣ ሌሊቱን ሙሉ፣ በሺህ የሚቆጠር ጫማ ፊልም እያሳለፉ ያቺን የዲግሪ አንድ አሥረኛ ይጠብቁ ነበር፤ ኔጌቲቩ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፣ ሁለተኛ አይታጠብም።